ጥሪውን አንብቡት፦ የምርምር ገንዘብ ለሚፈልጉ መምህራን

በየዩኒቨርሲቲያችን ኮሪደር የማይጠፋ አንድ እምነት አለ። ጥሩ ሐሳብ ያለው፣ ሦስተኛ ዲግሪውን የጨረሰ፣ ሁለት ሦስት ጽሑፍ ያሳተመ መምህር ቆይቶም ቢሆን የምርምር ገንዘብ ይደርሰዋል ይባላል። ግራንት ግን ዕቁብ አይደለም፤ ስለቆየ ብቻ ዕጣ የሚወጣለት የለም። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት የራሱ ጥያቄ አለው። የሚከፍለውም ያንን ጥያቄ በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ በጀት እመልሳለሁ ብሎ ለሚያሳምነው ሰው ነው። ይህ የገባው መምህር ትልቁን ነገር ይዟል። የቀረው አድካሚ የወረቀት ሥራ ነው፤ እሱንም ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሐሳብ ብቻውን ገንዘብ እንደማያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንዶድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል የሚያድግባቸው ናቸው። እናቶች ነጠላ ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ በድሀ አገር ገበሬ እጅ ያለ የበሽታ መከላከያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ሐሳብ ከየት ይመጣል? ሆኖም ሥራው ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ፕሮፌሰር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አክሊሉ በአፍሪካ የተሠራ ሳይንስ በሌላው ዓለም ስለሚሰጠው ዝቅተኛ ግምት በምሬት ይናገሩ ነበር፤ ምሬታቸውም እውነት ነበረው። ከታሪኩ የምንማረው ሌላ ነገርም አለ። «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» የሚለው አንድ ግኝት ሲሆን፣ ሰው ሲነካው ይጎዳል ወይ፣ ዓሣውን ምን ያደርጋል፣ ማን ያለማዋል፣ በሄክታር ስንት ይገኛል የሚሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥናት፣ የየራሳቸው በጀት፣ የየራሳቸው ከፋይ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ናቸው። ፕሮፖዛል የሚጻፈው ለግኝቱ ሁሉ ሳይሆን ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ ነው።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ እንምጣ። ደብረ ብርሃን የምታስተምር አንዲት የእንስሳት ሕክምና መምህርት አለች እንበል። የመንዝን በግ ታውቃለች፤ ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ በጉበት ትል እንደሚያልቅም ታውቃለች። የመጀመሪያ ፕሮፖዛሏን ስትጽፍ ርዕሱ ከለመደችው ቅርጽ አይወጣም፦ «ፕሪቫለንስ ኦፍ» እንዲህ ያለ በሽታ «ኢን ኤንድ አራውንድ» እንዲህ ያለ ከተማ። ይህ ርዕስ የተሰለፈበት የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በየትኛውም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጃችን አይጠፋም። ለማስተርስ መመረቂያ ይሆናል፤ ተማሪው መቁጠርን ይማርበታል። ገንዘብ ሰጪው ግን «ከመቶ በግ ይህን ያህሉ ታሟል» የሚል ቁጥር ሲቀርብለት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ያገኘችው የምርምር ገንዘብ ጥሪ አነስተኛ አርቢዎች የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋሙ ስለሚረዳ ምርምር የሚናገር ነው ብለን እንቀጥል። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቆየውን ፕሮፖዛል አውጥቶ «የአየር ንብረት» የሚለውን ቃል በየገጹ መበተን ነው። ገምጋሚዎች ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ያውቁታል፤ በአንድ ወቅት ሰላሳ አርባ ፕሮፖዛል የሚያነብ ሰው ቀለም የተቀባውን ከእውነተኛው ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ሁለተኛው መንገድ ጥያቄውን ራሱን እንደገና ማሰብ ነው። የጉበት ትልም የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ (እንዶድ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም) ሥርጭቱ በእርጥበትና በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ታዲያ የዝናቡ ጊዜ ከተዛባ በሽታው የሚበረታበት ወርም አብሮ ተዛውሯል ወይ? ተዛውሮ ከሆነ አርቢው መድኃኒት የሚሰጥበት ወር መለወጥ የለበትም? አሁን መምህርቷ የምትጠይቀው መልሱ ሲገኝ በመንዝ ገበሬ ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር የሚለውጥ ጥያቄ ነው። በጉም ትሉም ቦታውም ያው የሷ ሙያ ነው፤ ጥሪውም እውነተኛ መልስ አገኘ። ጥሪን መመለስ ማለት ይህ ነው፤ ሙያን ጥሎ ፋሽን መከተል አይደለም።

ጥሪ ሲነበብ ከዓላማው በፊት መታየት ያለበት ደረቁ ክፍል ነው፦ ማን ማመልከት ይችላል፣ የዕድሜ ወይም ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ የሚቆጠር የዓመት ገደብ አለ ወይ፣ አመልካቹ ግለሰብ ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው፣ ደመወዝ ይከፈላል ወይ፣ ዕቃ መግዛት ይፈቀዳል ወይ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ የሚያምረውን መግቢያ ያነብና ሁለት ወር ከደከመ በኋላ ብቁ እንዳልነበረ ይረዳል። የመመዘኛው ሰንጠረዥ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለትብብር 20 ነጥብ፣ ለበጀት 10 ነጥብ የሚል ከሆነ ፕሮፖዛሉም በዚያው ልክ መጻፍ አለበት፤ ለንድፈ ሐሳብ ስድስት ገጽ ሰጥቶ ትብብሩን በሦስት መስመር የሚያልፍ ሰው ነጥቡን ራሱ ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

በጀት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ይመስለኛል። «ትራንስፖርት፦ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ድፍን ቁጥር ሲጻፍ ገምጋሚው ሥራው እንዳልታሰበበት ይረዳል። መምህርታችን ሦስት ቀበሌ መርጣ፣ በየቀበሌው 40 በግ ምልክት አድርጋ፣ ለ12 ወር በየወሩ ናሙና ትወስዳለች እንበል። ያ 1,440 ናሙና ነው። በቀን አንድ ቀበሌ ከሸፈነች መኪና የምትፈልገው በወር ለ3 ቀን፣ በዓመት ለ36 ቀን ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው በቀን 30 ናሙና በማይክሮስኮፕ ካየ 48 የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። አበሉ፣ ነዳጁ፣ የናሙና ዕቃው፣ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ረዳት ክፍያ ሁሉ ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ይወጣሉ። ገምጋሚው 36 ቀን ሲያይ ከየት እንደመጣ ማስላት ይችላል፤ ማስላት ሲችል ያምናል።

አንድ የተረሳ መስመርም አለ። የታመመው በግ ሲገኝ ማን ያክመዋል? ገበሬው በየወሩ በጉን አስይዞ፣ ናሙና አሰጥቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ሊቀመጥ አይችልም። የሕክምናው ወጪ በበጀቱ ውስጥ ካልተጻፈ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይጠይቃል፤ ኮሚቴው ባይጠይቅ ገበሬው ይጠይቃል። በሌላ በኩል በግ የሚታከም ከሆነ በየወሩ የሚለካው የበሽታ ሥርጭት እንዴት እንደሚተረጎም በዘዴው ክፍል መብራራት ይኖርበታል። በጀትና ዘዴ እንዲህ የተያያዙ ናቸው፤ በጀትን በመጨረሻዋ ሌሊት ለሂሳብ ሠራተኛ የሚተው ሰው ግማሽ ጥናቱን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቷል።

የምንዛሪ ነገርም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በጀቱ በብር ተጽፎ ኪትና ኬሚካሉን ከውጭ የሚያስመጣ ተመራማሪ ሊገዛ ያሰበውን ግማሹን እንኳ መግዛት ከበደው። በዶላር የተመደበለት ደግሞ ለመስክ ሥራው ያልጠበቀው ብር ተረፈው፤ እሱም ቢሆን ከሰጪው ፈቃድ ሳያገኝ ገንዘቡን ከአንድ መደብ ወደ ሌላ ማዛወር አይችልም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃና እዚህ የሚወጣውን ወጪ ለይቶ መጻፍ፣ የትኛው በየትኛው ገንዘብ እንደተሰላም መግለጽ ይበጃል።

ኦቨርሄድ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ድርሻም ከሰጪ ሰጪ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት የሆራይዘን ዩሮፕ ፕሮግራም ከቀጥተኛ ወጪው ላይ 25 በመቶ ይጨምራል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ለውጭ ተቋማት ሲሰጥ የቆየው 8 በመቶ ነው። አነስተኛ ፋውንዴሽኖች ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰጡም። መምህሩ የዩኒቨርሲቲውን ደንብና የሰጪውን ደንብ አስቀድሞ ካላስታረቀ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ በሁለቱ መሐል የሚጎተተው እሱ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የላብራቶሪና የመስክ ሳይንስ ላይ ያዘነበለ ነው። የታሪክ፣ የቋንቋና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን «ለእኛ ገንዘብ የለም» ሲሉ ይሰማል። መጠኑ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የለም ማለት ግን አይቻልም። በብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር ያለው በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአርኬዲያ ገንዘብ የጥንት ሰነዶችን በዲጂታል ለማስቀረት ይረዳል፤ የኢትዮጵያ ብራናዎችም ተጠቅመውበታል። ጎንደር ወይም ጎጃም ላለ የታሪክ መምህር የዚህ ፕሮግራም አንድ ደንብ በተለይ ይጠቅማል፦ ዋናው ሰነድ ከአገር አይወጣም፤ ፎቶው ይነሳል፣ ቅጂው በአገር ውስጥ ተቋምም ይቀመጣል። ብራና ወጥቶ በቀረባት አገር ካህናትን ለማነጋገር ሲኬድ ይህን በወረቀት ማሳየት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ብራናውን መክፈት የሚቻለው ግን የደብሩ አስተዳዳሪና ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ሲፈቅዱ፣ የቅርስ ባለሥልጣንም ሲያውቀው ነው። ስለዚህ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ከካሜራው ዋጋ ይልቅ ገምጋሚውን የሚያሳምነው ከደብሩ የተጻፈው የስምምነት ደብዳቤ ነው። የቋንቋ ሰዎችም በተመሳሳይ መንገድ ሊጠፉ የተቃረቡ ቋንቋዎችን የሚመዘግበውን ፕሮግራም ያውቁታል፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቂት ተናጋሪ የቀራቸው ቋንቋዎች ለዚህ የሚሆኑ ናቸው። ለማኅበራዊ ሳይንስ ዳካር ያለው ኮዴስሪያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ አዲስ አበባ መቀመጫውን ያደረገው ኦስሪያ ደግሞ ከ1980 ጀምሮ የአፍሪካ ተመራማሪዎችን ሲያገናኙ ኖረዋል።

ለመሠረታዊ ሳይንስ፣ ማለትም ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለሥነ ሕይወት፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1983 ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ ያቋቋሙት የዓለም የሳይንስ አካዳሚ አለ፤ በታዳጊ አገሮች ላሉ ተመራማሪዎች የታሰበ ነው። በዚያው ከተማ ሴት ሳይንቲስቶችን የሚደግፍ ድርጅትም አለ። ለዱር እንስሳትና ለደን ጥበቃ ራፎርድ ፋውንዴሽን በትንሽ ገንዘብ ጀምሮ ሥራው ሲታይ እያሳደገ ይሰጣል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይህን ዓይነቱን ነው። ትንሽ ገንዘብ ወስዶ፣ በሰዓቱ ሠርቶ፣ ሂሳቡን ያለ እንከን ያቀረበ ሰው ለትልቁ ሲያመለክት የሚያሳየው ነገር አለው።

ትልቁ ገንዘብ የሚገኘው በጥምረት ነው። ሆራይዘን ዩሮፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 መጀመሪያ የተመደበለት 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነው፤ አብዛኛው ጥሪው ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ቢያንስ ሦስት ተቋማትን ይፈልጋል፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከእነሱ ጋር ገብቶ የራሱን በጀት መውሰድ ይችላል። የቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከጅማ፣ ከመቀሌ፣ ከአርባ ምንጭና ከባሕር ዳር ጋር የረጅም ጊዜ ትብብር መሥርተዋል። የዓለም ባንክ የልቀት ማዕከላት ፕሮጀክትም በአዲስ አበባና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ማዕከላትን አቋቁሟል። በጥምረት ውስጥ የሚፈራው ነገር የታወቀ ነው፤ የእኛ ሰው ናሙና ሰብሳቢ ሆኖ ይቀርና ትንተናውም ጽሑፉም ሌላ አገር ይሠራል። መድኃኒቱ ከመፈረም በፊት ነው፦ መረጃው የማን ነው፣ ናሙናው የት ይተነተናል፣ በጽሑፉ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የማን ስም ነው፣ ሦስተኛ ዲግሪ የሚማረው የማን ተማሪ ነው የሚሉት በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይግቡ። የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ዝርያ ከአገር የሚወጣ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን የሚገዛ ሕግ ነውና ያለ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ የሚላክ ዘር የለም። ይህን ቀድሞ የሚናገር አጋር ይከበራል እንጂ አይጠላም።

በአንድ በር ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ እንዳለው ያለፉት ጊዜያት አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በግብርናና በጤና የተጀመሩ የጋራ ጥናቶች መሐል ላይ ተቋረጡ፤ ዩኤስኤይድም በጁላይ ወር መጀመሪያ ሥራውን ጨረሰ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቱ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለውጭ ተቋማት የሚተላለፈውን ገንዘብ አሠራር ለወጠ። የላብራቶሪ ሠራተኞቹን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ በእንዲህ ያለ ገንዘብ ላይ የጣለ ማዕከል ምን እንደደረሰበት ለመገመት አያዳግትም።

የአገር ውስጡን ገንዘብ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን አልንቀውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኖቻቸው በየዓመቱ ጥሪ ያወጣሉ፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ለትልቁ ፕሮፖዛል የሚሆን የመጀመሪያ መረጃ የሚገኘው ከእሱ ነው። ችግሩ ያለው በጊዜ አቆጣጠሩ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ጤፍ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ደግሞ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ፣ የሚያጭደው በኅዳር አካባቢ ነው። ሥራው በሁለት የበጀት ዓመት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። መሬቱ መታረስ ያለበት ሂሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ነው፤ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ያለበት መምህር ደግሞ ሌላ ብር አይሰጠውም። ብልህ ሰው በግንቦት ዘርና ማዳበሪያውን ገዝቶ፣ ደረሰኙን አቅርቦ፣ ሂሳቡን አወራርዶ ሰኔን ይጠብቃል። ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር በጀትን ከአንድ ዓመት ወደ ሌላ የሚያሻግር አሠራር ቢያበጁ ከብዙ አዳዲስ ጥሪዎች የበለጠ ይጠቅማል፤ ይህን በየመድረኩ መናገር አለብን።

የግዥው ነገርም በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ ይግባ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ አቅራቢው ዕቃው የለም ይላል፣ እንደገና ይጀመራል። በቀዝቃዛ ሰንሰለት መጓዝ ያለበት ኪት ከሆነ ቦሌ ጉምሩክ የሚቆይባት እያንዳንዷ ቀን አደጋ ናት። «ወር አንድ፦ ዕቃ ግዥ» ብሎ የጻፈ ፕሮፖዛል በዚህ አገር ያልኖረ ሰው የጻፈው ይመስላል። አራት ወር ይመደብ፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይገኛል፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ይሠለጥናሉ፣ ወረዳዎቹ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ፕሮፖዛሉ ውድቅ ቢሆን የገምጋሚዎቹን አስተያየት መጠየቅ ነው። ብዙ ሰጪዎች ይልኩታል። መጀመሪያ ሲነበብ ያናድዳል፤ ከሳምንት በኋላ ሲነበብ ግን አብዛኛው ልክ ሆኖ ይገኛል። አንድ ገምጋሚ ያልገባው ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ያልጻፍነው እኛው ነን። የተስተካከለው ፕሮፖዛል በሚቀጥለው ዙር ወይም ለሌላ ሰጪ ይቀርባል። አዘውትረው ገንዘብ የሚያገኙ ባልደረቦቻችንም ቢሆኑ ካገኙት ያጡት ይበዛል።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪ የሚዘጋው በብራስልስ ሰዓት 17፡00 ላይ ነው። በእነሱ በጋ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። አንድ ደቂቃ ካለፈ ሲስተሙ ይዘጋል፤ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ ብለው የሚሟገቱት ሰው እዚያ የለም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፊርማና ማኅተም የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ፣ ፕሮፖዛሉንም ከመዝጊያው ሁለት ቀን በፊት ላኩ። ሲስተሙ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ደጋግሞ ማስገባት ይፈቅዳል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ቅጂ ነው።